ሴክ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ህርማታ አካባቢ፣ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፗን ከፍታ 7፣ 17፣ 27፣ 37 እያለች በእጇ ስትጽፍ አገኘኋት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ከ400 ቤቶች 40ዎቹን ልትጠይቅ ነው። 400 ለ40 ሲካፈል 10 ይሆናል። ከ1 እስከ 10 ዕጣ አወጣች፣ 7 ደረሳት። ከዚያ ወዲያ አሥር አሥር እየቆጠሩ መሄድ ነው። አሠራሯ ትክክል ነበር። ዝርዝሩን አብረን ስናየው ግን ከ187 ቀጥሎ ያለው 207 ነው። 197 ተዘሏል። አንድ ቤተሰብ ሳይጠየቅ ሊቀር ነበር።

አር ይህን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። አር ለስታቲስቲክስ የተሠራ፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ጀመሩት። በውስጡ ሴክ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በላቲን ኤስ፣ ኢ፣ ኪው ተብሎ ይጻፋል። ሥራው ቁጥር መደርደር ነው።

መነሻ፣ መድረሻና እርምጃ ትነግሩታላችሁ፦

ሴክ(7, 400, 10)

7፣ 17፣ 27 እያለ እስከ 397 ይሄዳል። ልክ 40 ቁጥር። 400 የት ገባ እንዳትሉ፤ መድረሻው ጣሪያ ነው። ቀጣዩ 407 ስለሆነና ጣሪያውን ስለሚያልፍ እዚያው ቆመ።

አንዳንዴ ደግሞ የምናውቀው እርምጃውን ሳይሆን ብዛቱን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100 ሜትር ገመድ ዘርግታችሁ ለቡና ችግኝ 5 ችካል በእኩል ርቀት ልትተክሉ ነው እንበል፤ አንዱ ገመዱ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ መጨረሻው ላይ። 100ን ለ5 አካፍሎ 20 ሜትር የሚል ሰው ይሳሳታል። በ5 ችካሎች መካከል ያለው ክፍተት 4 ነው። ሴክ ይህን ሒሳብ ራሱ ይሠራላችኋል። በእርምጃው ቦታ ሌንግዝ አውት የሚለውን ቃል ጽፋችሁ 5 ስጡት፦

ሴክ(0, 100, ሌንግዝ አውት = 5)

0፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ይላችኋል።

አንድ አንድ እያለ ለሚሄድ ቁጥር ግን ሴክም አያስፈልግም፤ 1:10 ብቻ በቂ ነው። ሁለቱ ነጥብ «እስከ» ማለት ነው።

ይህችን አጭር አጻጻፍ እወዳታለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ጉድ ትሠራለች። ከየቀበሌው የተገኙትን መልሶች በየተራ የሚያነብ ፕሮግራም ጽፋችሁ፣ 1:ኤን ብላችኋል እንበል። ኤን የመላሾቹ ብዛት ነው። ከአንዱ ቀበሌ ማንም ባይመልስ ኤን 0 ይሆናል። አር 1:0 ሲባል ዝም አይልም። ወደ ኋላ ቆጥሮ 1 እና 0 ይሰጣል። ፕሮግራሙም የሌለ መላሽ ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ በ1:ኤን ፈንታ ሴክ ሌን የሚባለውን ሌላ ትእዛዝ ተጠቅማችሁ ሴክ ሌን(ኤን) በሉ፤ እሱም ከ1 እስከ ኤን ይቆጥራል። ብዛቱ 0 ከሆነ ባዶ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ያን ቀበሌ አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።