«ሥጋ ካልታየበት ጾም ነው»፦ ስለ ኩባ ምግብ ቤት የሚነገሩ ስሕተቶች

በፍሎሪዳዋ ታምፓ፣ አንድ የኩባ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት መሥራት ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለቤቱ ሒሳብ ይቀበላል፣ ሚስቱ እንግዳ ታስቀምጣለች፣ እናቱ ደግሞ ድስታቸውን ለማንም አይለቁም። ወገኖቻችን ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሜኑውን ሳይገልጡ የሚሉትን አስቀድሜ ስለማውቀው፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

«የላቲን ምግብ ያቃጥላል» ይላሉ። የኩባ ምግብ አያቃጥልም። ሶፍሪቶ የሚሉት ቁሌት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የማያቃጥል ቃሪያ ነው፤ አሂ ካቹቻ የተባለው ትንሽ ቃሪያ እንኳ መልኩ እሳት ቢመስልም ያለው መዓዛ ብቻ ነው። ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ የሚያወጡ እንግዶችን አልከለክልም፤ አሮጊቷ ባያዩባቸው ግን እመርጣለሁ።

«ቶርቲያ አምጪልን» የሚሉም አሉ፤ የሜክሲኮን ቂጣ ማለታቸው ነው። በኩባ ቶርቲያ ማለት የእንቁላል ጥብስ ነው።

ሮፓ ቪዬሃም የትናንት ትርፍ አይደለም። ስሙ «አሮጌ ልብስ» ማለት ስለሆነ ይጠረጥሩታል እንጂ፣ ተቀቅሎ እንደ ክር የተተረተረ የበሬ ሥጋ በቲማቲም የሚሠራበት ወጥ ነው።

«በኩባ ሁሉም የመንግሥት ስለሆነ የቤተሰብ ምግብ ቤት የለም» የሚለውም ያረጀ ወሬ ነው። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ሰዎች በመኖሪያ ቤታቸው ምግብ እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸዋል። ፓላዳር የሚባሉት እነዚህ ቤቶች መጀመሪያ ከ12 ወንበር በላይ እንዳይኖራቸው ተገድበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ቁጥሩ ወደ 50 ከፍ ብሏል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ «ጥቁር ቦሎቄና ሩዝ ሥጋ ስለሌለበት የጾም ነው» የሚለው። ቦሎቄው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በቃሪያና በቅጠል ይቀቀላል፤ ቁሌቱ፣ ከሙኑና ኦሬጋኖው ይገባበታል፤ በመጨረሻም ጥቂት አቼቶ ጠብ ይደረግበታል። በአትክልት ብቻ የሚሠሩት ቤተሰቦች አሉ። በብዙ ቤት ግን፣ በእኛም ቤት ጭምር፣ ከድስቱ ሥር በጢስ የደረቀ የአሳማ አጥንት ይቀመጣል፤ ወጡ ሲቀርብ አጥንቱ ስለሚወጣ በሳህኑ ላይ ምንም አይታይም።

በአንድ ዐቢይ ጾም ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት ነበሩ። ልጅቷ ለእርሳቸውም ለራሷም ቦሎቄ፣ ሩዝና ዳቦ አዘዘች። «ለጾም ከሆነ አይሆንም» ብላት በሜኑው ላይ ሥጋ እንዳልተጻፈ በጣቷ አሳየችኝ። ወደ ወጥ ቤት ጠራኋትና አሮጊቷ በጭልፋ ወደ ድስቱ ጠልቀው አጥንቱን ሽቅብ አወጡላት። ተመልሳ ስትነግራቸው እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና «ይህን ሁሉ ዓመት ስትጾሚ የኖርሽው በዚህ ነው?» አሏት። አንገቷን ደፋች።

ስለዚህ አጠያየቁን እወቁበት። «ሲን ካርኔ» ብላችሁ ያለ ሥጋ ስትጠይቁ አትረኩም፤ ለብዙ ኩባውያን ካርኔ ሲባል መጀመሪያ የሚታያቸው የበሬ ሥጋ ስለሆነ፣ «የለበትም» የሚላችሁ ሰው አልዋሸም። «ፑዌርኮ ወይም ማንቴካ አለበት ወይ?» በሉ፤ የመጀመሪያው አሳማ፣ ሁለተኛው ስቡ ነው። ይህ ለሙስሊም ወገኖቻችንም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ለቦሎቄው ብቻ አትጠይቁ፤ የኩባ ዳቦ በባህሉ የሚቦካው በአሳማ ስብ ነው፤ ሙዙና ካሳቫው የሚጠበሱበት ዘይትም የአሳማ ቆዳ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት ያለ ስጋት የማቀርበው የአቮካዶና የሽንኩርት ሰላጣ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ለሚያስታውቅ ግን አሮጊቷ ለብቻው ንጹሕ ቦሎቄ ይሠሩለታል፤ ለዚያች ልጅ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሠርተውላታል።

ቡናውንም «ያለ ስኳር» የሚፈልግ ሲያዝዝ ይናገር። ስኳሩ የሚመታው ከመጀመሪያዎቹ የቡና ጠብታዎች ጋር ነውና፣ ፈዛዛ አረፋ ሆኖ ከላይ ከተንሳፈፈ በኋላ ማውጫ የለውም። ኮላዳ የሚባለውን ለብዙ ሰው የሚቀርብ ቡና ያዘዘም ብቻውን አይጨርሰው፤ ከኩባያው ጎን የምደረድራቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ሲኒዎች አብረውት ለተቀመጡት ናቸው።