ስለ እግር ጤና መምህርነት የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጤና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ሥራዬ ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ የእግር ጤና ትምህርት ነው። ሌላው የታካሚ መረጃ በኮምፒውተር እንዴት ቢያዝ ይሻላል የሚለው ምርምር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ከዘመድም ከተማሪም የምሰማቸውን አባባሎች እዚህ ልመልስ።

«ጥፍር መቁረጥ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንዴ?»

ፖዲያትሪ የሚባለው ሙያ እግርን መመርመርና ማከም ነው። አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት። ነርቩ፣ የደም ዝውውሩ፣ ቆዳው፣ አረማመዱ ሁሉ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በእንግሊዝ ሙያው ዲግሪ ይጠይቃል፤ ያልተመዘገበ ሰው በመጠሪያው ቢጠቀም በሕግ ይጠየቃል። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ 4 ዓመት ትምህርት አለ፤ ከዚያም በሆስፒታል 3 ዓመት ልምምድ ይከተላል።

እኛ ጋ ይህን ሥራ ነርሱ፣ የቆዳ ሐኪሙ፣ የአጥንት ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ ተከፋፍለው ይሠሩታል። የተከፋፈለ ሥራ ደግሞ ባለቤት ያጣል። የስኳር ታካሚ ለክትትል መጥቶ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ መንዝ ወይ ወደ መርሐ ቤቴ ይመለሳል። ይሄ ያንገበግበኛል።

«ካላመመኝ ደህና ነኝ»

ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ የሚወስደው የሕመም ስሜቱን ነው። ሚስማር ወግቶት ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ደም ያየ ሰው «ምንም አልተሰማኝም» ይላል። አደጋው እሱ ነው።

ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው ምርመራ በአንዲት ቀጭን የናይሎን ክር የሚሠራ ነው። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል። ክሯን አውራ ጣቱ ሥር ታደርጋትና እስክትጎብጥ ትጫናታለህ። ክሯ የምትጎብጠው 10 ግራም ያህል ጫና ሲያርፍባት ነው። «ሲነካህ ንገረኝ» ትለዋለህ። ዝም ካለ፣ ያ እግር ጠባቂውን አጥቷል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። መብራትም ላብራቶሪም አይፈልግም።

ሌላም አለ። የስኳር ታካሚ እግሩ በድንገት ያብጥና ይግላል፤ ብዙም ግን አያምመውም። «ወለም ብሎኝ ነው» ይልና ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ሻርኮ የሚባለው ችግር ከሆነ ግን ውስጥ አጥንቱ እየላላና እየተሰበረ ነው። ታሽቶ ከተረገጠበት ቅርጹ እስከ ወዲያኛው ይበላሻል። መፍትሔው በጀሶ ወይም በሌላ ድጋፍ ይዞ ማሳረፍ ነው። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ የስንቱን ሰው እጅ አቅንተዋል። እንዲህ ያለ እግር ሲመጣባቸው ግን ሳይነኩት ወደ ጤና ጣቢያ ቢልኩት ትልቅ ውለታ ነው።

«ዝሆኔ እርግማን ነው፤ ይጋባል፤ በዘር ይመጣል»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ከማኅበር፣ ከትዳርና ከትምህርት ቤት የቀረው በዚህ አባባል ነው።

በደጋው አገራችን የሚታየው የእግር እብጠት በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠሩ ነገሩን ከአፈር ጋር አገናኙት። ከእሳተ ገሞራ ዓለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ይገባል፤ የሊንፍ (ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን) መተላለፊያዎችንም ያስቆጣል። ጀርም የለውም። ስለዚህ አብሮ በመብላትም፣ በአንድ አልጋ በመተኛትም አይጋባም።

«በዘር» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አሳይቷል። ግን ተጋላጭነቱ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ልጅ አባቱ ቢታመምም እሱ ይድናል። ስለዚህ «ዘራቸው ነው» ብሎ ጋብቻ መከልከል ከንቱ ነው። ይልቅ ለልጁ ጫማ ይገዛለት።

ጫማው ደግሞ የሚሸፍን ይሁን። በረባሶ እሾህ ይከላከላል፤ አፈሩ ግን በጣቶቹ መሃል ይገባል። አዲሱን ጫማ ለገበያና ለንግሥ አስቀምጦ እርሻ ላይ በባዶ እግር መዋልም አያዋጣም። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ እንደሚነጥቅ አውቃለሁ። ከእርሻ ሲመለሱ ግን እግርን በውኃና በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ የጣቶቹን መሃል ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት ይቻላል። ያበጠውም ተስፋ አይቁረጥ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የትኩሳትና የሕመም ግርሻውን እንደሚቀንሱ አሳይቷል።

«እግርና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው?»

አንድ ቁስል እየዳነ ነው ወይስ እየሰፋ የሚለውን የምታውቀው ያለፈው ወር መጠኑ ተጽፎ ከተገኘ ነው። ካርዱ ከጠፋ ታካሚው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባም ችግሩ በራሱ አይፈታም። ካርድ ክፍል አንዷ ሠራተኛ «ኃይለማርያም» ብላ ትመዘግባለች። ሌላዋ «ሀይለ ማሪያም» ትላለች። ለጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ታካሚ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ሥርዓት መሥራት የውጭ አገር ባለሙያ የሚያስበው ጉዳይ አይደለም። እኛው ነን የምንሠራው። ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ካርዱ ላይ ያለው 2016 በስህተት እንደ ፈረንጆቹ ከገባ፣ በዚያ ዓመት የጀመረ ቁስል ከሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የጀመረ ይመስላል። በጤና ተቋሞቻችን የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ መያዣ ሶፍትዌር መነሻው ደቡብ አፍሪካና ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛን አቆጣጠር ግን ይቀበላል። መስተካከል ይቻላል ማለት ነው።

«አሁንማ ሞባይሉ ፎቶ አንስቶ ይነግርሃል»

ይረዳል፤ አልክድም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያየውን ነው የሚያውቀው። ነጭ ቆዳ ብቻ ካሳዩት የችግሩ ምልክት ብሎ ቅላትን ይፈልጋል። በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ያን ያህል አይወጣም። ስለዚህ ተማሪው የእጁን ጀርባ በሁለቱም እግሮች ላይ እያደረገ ሙቀቱን ያነጻጽር። ቴርሞሜትር ካለ፣ በሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታ መካከል ከ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ልዩነት ከታየ ማስጠንቀቂያ ነው። የራሳችንን እግሮች ፎቶ በታካሚው ፈቃድ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃንና አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ መሰብሰብ ራሱ ትልቅ ምርምር ነው።

«መምህር የሚሆነው ሕክምናው ያልሆነለት ነው»

እግር መንካት ያቆመ መምህር ይህን ትምህርት ማስተማር አይችልም። ሌላ መልስ የለኝም።

«በኛ አገር መንገዱ ዝግ ነው»

በነርስነት፣ በጤና መኮንንነት ወይም በፊዚዮቴራፒ ተመርቆ የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ እግር ማየት መጀመር ይቻላል። መረጃው ለሚስበው ሰው ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ አያያዝ) ማስተርስ አለ። የመመረቂያ ጥናቱን ርዕስ ከእግር ይምረጥ፦ በሚሠራበት ሆስፒታል ከስኳር ታካሚዎች ስንቱ እግሩ ታይቶለታል? ስንቱስ ካርድ ላይ ተጽፏል? ለመጀመር የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ነው።