የአዲስ አበባ ወንዞችና አረንጓዴ ቦታዎች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱን ከእንጦጦ ተራራ ወደ ታች የሳበው ውሃ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ፍል ምንጭ ወደው በአካባቢው ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱና ሠራዊቱ ተከትለው ወረዱ። ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች የሚነሡት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንትይቀጡና ሌሎችም ወንዞች ከተማዋን ወደ ደቡብ አቋርጠው፣ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ይቀላቀላሉ፤ እነዚህም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ወደ አዋሽ ያልፋሉ።

ከተማዋ ቀድማ የጨረሰችው ደኗን ነው። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ፍለጋ በዙሪያዋ የነበረውን ጽድና ወይራ ስላራቆተው ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። መናገሻዋን በቦታዋ ያስቀራት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥንታዊ ደን መስሎ የሚታየው የእንጦጦ አረንጓዴ በአብዛኛው ከከተማዋ በኋላ የመጣ ተክል ነው። ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ የወደቀው ቅጠልም ለእንጀራ መጋገሪያ እየተጠረገ ስለሚወሰድ የክረምቱ ዝናብ የሚያርፈው በተራቆተ መሬት ላይ ነው። አገር በቀሎቹን ዛፎች ጠብቀው ያቆዩት በተለይ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም እነዚህን ዝርያዎች መልሶ ለማልማት ይሠራል።

በ1987ቱ ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን የነበረው ነዋሪ በ1999 ወደ 2.7 ሚሊዮን አድጓል። በሣርና በአፈር ይሰርግ የነበረው ዝናብ አሁን ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ግቢ ስሚንቶ፣ ከዚያም ወደ አስፋልት ወርዶ በደቂቃዎች ወንዝ ይገባል። በዚህ የተነሣ ያው ወንዝ በሐምሌ ደራሽ ይሆናል፤ በጥር ደግሞ ከምንጩ ይልቅ ከቤቶችና ከፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ የሚበዛበት ጠባብ ቦይ ሆኖ ይቀራል። በደራሹ ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው በገደሉ አፋፍ ላይ ቤት የሠራው ድሃ ነው።

ትንሹ አቃቂ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ወንዙ ከቆዳ ፋብሪካዎችና ከመኖሪያ ሰፈሮች የሚወጣውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ መካኒሳና ወደ ጎፋ ሲደርስ፣ ገበሬዎች በፓምፕ እየሳቡ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለሙበታል። በዚህ ውሃ የለሙ አትክልቶችን የመረመሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ፣ ሲበዙ ጤናን የሚጎዱ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የገበሬዎቹን ድካም ማጣጣል አይገባም፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነው ይህ መሬት ከተማዋ ካሏት ጥቂት የእርሻ ቦታዎች አንዱ ነው። ብክለቱን የሚያመጣው ከላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለመሸፈን የታቀደ ሲሆን፣ ለዓመታት ቆሻሻ ሲጣልባቸው የኖሩ ዳርቻዎችን ወደ መናፈሻነት ቀይሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዳርቻውን ማልማትና ውሃውን ማጽዳት ሁለት ሥራዎች ናቸው። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ቢስፋፋም፣ ጣቢያው የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው፤ ከፍሳሽ መስመሩ ውጭ ካለው መጸዳጃ ቤት አንዳንዱ ግን አሁንም ወደ ወንዝ ያፈስሳል።

የሁሉም ማረፊያ አባ ሳሙኤል ነው። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከላይ የተሸረሸረውን አፈር በደለል መልክ ተቀብሏል፤ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ያዳበረው እምቦጭም ፊቱን ይሸፍነዋል።