ኦቲዝም «80 በመቶ በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ከእናንተ ወገን ነው የመጣው፤ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።» ኦቲዝም ያለበት ልጅ የጠርሙስ ክዳኖቹን በየቀለማቸው ይደረድራል። አዋቂዎቹ ከአጠገቡ ይካሰሳሉ። እናቱ አንገቷን ደፍታለች። እንዲህ ሲሆን አንጀቴን ይበላኛል።

«80 በመቶ» የሚለው ቁጥር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ከታተመ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ካካተተ የአምስት አገሮች ጥናት ነው። ግን 80 በመቶው ስለ አንድ ልጅ ዕድል አይናገርም። የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፦ አንዱ ኦቲዝም ኖሮበት ሌላው የሌለበት ለምንድን ነው? ከዚህ ልዩነት አብዛኛው በዘረመል ይብራራል ማለት ነው።

የቤተሰቡ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «ቀጣዩስ ልጅ?» ታላቁ ኦቲዝም ካለበት፣ የታናሹ ዕድል 20 በመቶ ገደማ ነው። ከአምስት አንዱ ማለት ነው።

ጥፋተኛ ፍለጋውስ? በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎች አሉበት። ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ለውጦች ከሁለቱም ወገን ይጠራቀማሉ። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ በእናትም በአባትም ላይ የለም፤ የእናት እንቁላል ወይም የአባት የዘር ሕዋስ ሲፈጠር አዲስ የመጣ ነው። አስተዳደግ ኦቲዝምን አያመጣም።

ታናሹን ግን በደንብ እዩት። ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የሚፈልገውን በጣቱ ማሳየትስ ጀምሯል? ካጠራጠራችሁ «ይደርስበታል» ብላችሁ አትቆዩ፤ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት።