ጆርጅ ሜሰንና የጋንስተን ሆል ርስቱ

ጋንስተን ሆል ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ያለ የድሮ የትምባሆ ርስት ነው። ከአሌክሳንድሪያ ብዙ አይርቅም። በዚያ አካባቢ ያለው ሐበሻ ግን የባለርስቱን ስም የሚያውቀው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ነው።

የመጀመሪያው ጆርጅ ሜሰን ለእንግሊዝ ንጉሥ ተዋግቶ፣ ተሸንፎ የመጣ ስደተኛ ነው ይባላል። እዚህ የምናወራው በ1725 (እ.ኤ.አ.) ስለተወለደው አራተኛው ጆርጅ ሜሰን ነው። 10 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ፖቶማክ ውስጥ ሰጠመ፤ ልጁንም ርስቱንም ያቆመችው እናቱ ናት።

ቤቱ ከ1755 እስከ 1759 ተሠራ። ከውጭ ሲያዩት ልከኛ የጡብ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ዓለም። የእንጨት ሥራውን የመራው ዊልያም ባክላንድ ነው፣ በአራት ዓመት የጉልበት ውል ከእንግሊዝ የመጣ ወጣት አናጺ። ስለ ርስቱ ኑሮ ብዙውን የምናገኘው የሜሰን ልጅ ጆን ካኖረው ትዝታ ነው፦ በባርነት ከተያዙት መካከል አናጺው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ጫማ ሰፊው፣ ፈታዩና ሸማኔው፣ አረቄ አውጪው ሳይቀር እዚያው ነበሩ፤ ከውጭ የሚገዛው ጥቂት ነበር።

ሜሰን ሪህ የሚያሰቃየው፣ ከቤቱ መራቅ የማይወድ ሰው ነበር። በ1773 ሚስቱ አን ስትሞት በጻፈው ኑዛዜ፣ ልጆቹ ከአደባባይ ሥራ ጣጣ ይልቅ የግል ኑሮን እንዲመርጡ መከረ። እሱ ራሱ ግን አልሆነለትም። በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ በዋናነት ያረቀቀው እሱ ነው። ቶማስ ጀፈርሰን ለአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ከዚያ ወስዷል፤ በዚህ እኔ አልደራደርም። በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወደሚረቀቅበት የፊላደልፊያ ጉባኤ ሄዶ ሕገ መንግሥቱን እስከ መጨረሻ ቀን ሲከራከርበት ቆየና አልፈርምም አለ፤ አንዱ ምክንያቱ የመብቶች ዝርዝር የለውም የሚል ነበር። ከጎረቤቱ ከዋሽንግተን ጋር የነበረው ወዳጅነትም በዚያው ቀዘቀዘ። ዝርዝሩ በ1791 ጸደቀ።

የባሪያ ንግድን በዚያው ጉባኤ አምርሮ አውግዟል። የራሱን ሰዎች ግን ነጻ አላወጣም፣ በኑዛዜውም ለልጆቹ አከፋፈላቸው። «ዘመኑ ነው» የሚሉለት አሉ። የልጅ ልጁ ጄምስ መሬይ ሜሰን ደግሞ ያመለጡ ባሮች እንዲመለሱ የሚያስገድደውን የ1850ውን ሕግ አረቀቀ።

ጆርጅ ሜሰን በ1792 እዚያው ቤቱ ሞተ። ርስቱ በኋላ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በ1912 የገዛው ሉዊስ ሄርትል ለቨርጂኒያ ግዛት ሰጠው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። የሜሰን መቃብር ከአን ጎን፣ በቤተሰቡ መካነ መቃብር ይገኛል።