«ሴት ያሳደገው» ስድብ ነው ወይስ ኩራት?

አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲያስቀር «ሴት ያሳደገው!» ይባላል። አባት ያልገሠጸው፣ ሥርዓት የጎደለው ለማለት ነው። ተሰዳቢው ልጁ ቢሆንም ጥፋቱ የተጫነው እናቱ ላይ ነው።

ቃሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ሴት አንስታይ ናት፤ ግሡ ግን «ያሳደገችው» አይልም። ስድቡ ስለ አንዲት የታወቀች ሴት ሳይሆን ስለ ሴት በጥቅሉ ስለሚያወራ «ች» ወድቃለች። ዛሬ «እኔ ሴት ያሳደገችኝ ነኝ» ብለው የሚኮሩት ያችኑ ፊደል መልሰዋታል፤ ለብቻዋ የለፋችው እናት በአንዲት «ች» ብቅ ትላለች። በእኛ ግምት የለውጡ ግማሽ እዚህ ነው።

ስድቡ በሕግም ድጋፍ ነበረው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። አፋችን ግን ከሕጉ ይዘገያል።

ኩራቱ የሚሠራው በ«እኔ» ብቻ ነው። ለሌላ ሰው በሙገሳ ቢነገርም ያው ስድብ ሆኖ ይሰማል። «የሴት ልጅ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ «የሴት ልጅ መብት» ሲባል ስለ ልጅቷ ነው፤ ለብቻው ወንድ ላይ ሲወረወር ግን ስድብ።