የጋዝ ሴንሰር ሬዚስታንስ መቼ ይወርዳል፣ መቼ ይወጣል?

ሰሞኑን ደጋግሞ የተነሳ ጥያቄ ነው። ሬዚስታንስ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመገደብ አቅም ነው። አንዱ «ጋዝ ሲመጣ የሴንሰሩ ሬዚስታንስ ይወርዳል» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ይወጣል»። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወሳኙ የፊልሙ፣ ማለትም ጋዙ የሚያርፍበት የሴንሰሩ ስስ ንብርብር፣ እና የጋዙ ዓይነት ነው።

ቲን ኦክሳይድን እንውሰድ። በኤሌክትሮን የሚያስተላልፍ፣ ኤን-ታይፕ የሚባል ሴሚኮንዳክተር ነው። ፊልሙ ሲሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ ኦክስጅን ላዩ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ለዚህ ነው ንጹህ አየር ውስጥ ሬዚስታንሱ ከፍ የሚለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። የተነጠቀው ኤሌክትሮን ወደ ፊልሙ ይመለሳል። ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ ለምሳሌ ከ100 ኪሎኦም ወደ 20። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ግን ራሱ ኤሌክትሮን ነጣቂ ነው። እሱ ሲመጣ ሬዚስታንሱ ጭራሽ ይወጣል።

እንደ ኮፐር ኦክሳይድ ባለ ፒ-ታይፕ ፊልም ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሮን በጎደለበት ክፍተት በሚያስተላልፍ፣ አቅጣጫው ይገለበጣል።

እስከዚህ ያለው መሠረታዊ ሕግ ነው። የሚለያየው የለውጡ መጠን ነው። ሙቀቱ፣ እርጥበቱና ፊልሙ የተሠራበት ቅንጣት መጠን ይቀያይሩታል። ናኖ፣ ማለትም በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣት፣ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮን የሚያራቁተው ከላይ ጥቂት ናኖሜትር ያህሉን ብቻ ነው። ቅንጣቱ ትልቅ ከሆነ ውስጡ ምንም አይሰማውም፤ በጣም ትንሽ ከሆነ ግን ሁለመናው ይነካል።

አደራ፣ የሁለት ጥናቶችን ውጤት ከማወዳደራችሁ በፊት የለውጡን መጠን ያሰሉበትን ቀመር እዩ። ያው ከ100 ወደ 20 የወረደው ለአንዱ «5» ነው (100 ለ20 ሲካፈል)፣ ለሌላው «80 በመቶ» (የቀነሰው 80 ከ100)።